ጀልባ የሌለው ዳኛ

እንዲህ ሆነ እንበል። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከአናፖሊስ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ አንድ ወንዝ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ በሚገባበት አፍ ላይ የጀልበኞች ማኅበር ነበረ። የአገራችን ሰው ከሚበዛባት ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው። በሞቃቶቹ ወራት በየረቡዑ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከሥራ የወጣ ሁሉ ሸራውን ሰቅሎ ወደ ባሕር ይወጣል፤ ተሽቀዳድሞም ጨለማ ሳይዘው ይመለሳል። ሽልማቱ ስም የተቀረጸበት አንድ ብርጭቆ ነው። ጠቡ ግን ከሽልማቱ ብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር።

ጠቡ የሚነሣው ጀልባዎቹ አቻ ባለመሆናቸው ነው። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጀልባቸው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራች፣ ፋይበርግላሷ የወፈረ፣ ከሆዷ በታች ብዙ እርሳስ የተሸከመች ናት። የፊት ሸራዋ ሰፊ ከመሆኑ የተነሣ ምሰሶውን አልፎ ወደ ኋላ ይደርባል። ውኃ ላይ የሚያርፈው ርዝመቷ 25 ጫማ ነው። እንዲህ ያለ ከባድ ጀልባ ሲሄድ ራሱ የሚፈጥረው ማዕበል መልሶ ያስረዋል፤ ነፋሱ ምንም ቢበረታ ከ6.7 ኖት፣ ማለትም በሰዓት ከ12 ኪሎ ሜትር፣ ብዙም አያልፍም። ጀልበኞች ይህን ልክ የሚያወጡበት የቆየ ስሌት አላቸው፤ ውኃ ላይ የሚያርፈውን ርዝመት በጫማ ይወስዱና ስኩዌር ሩቱን በ1.34 ያባዙታል።

አንዲት ወጣት ደግሞ ነበረች፤ የእሷ ጀልባ ከተሠራች ገና ጥቂት ዓመቷ ነው። ቀላል ናት፣ ሆዷ ጠፍጣፋ ነው፣ ከሥሯ ያለው ክብደት ወደ ታች በረዘመ ቀጭን ክንፍ ጫፍ ላይ ተሰብስቧል። ከአፍንጫዋ የሚወጣና የሚገባ ዘንግ አላት፤ ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ስፒናከር የሚባለውን ትልቅ ባለ ቀለም ሸራ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ትዘረጋለች። ነፋሱ በርታ ሲል የራሷን ማዕበል ትወጣውና በውኃው ገጽ ላይ ትንሸራተታለች፤ ያኔ 12 ኖት ብታልፍም የሚገርም አይሆንም።

ሁለቱን አንድ ላይ ለማወዳደር ማኅበሩ ለየጀልባው የማካካሻ ቁጥር ሰጥቷል። ፒ.ኤች.አር.ኤፍ. ተብሎ በሚታወቀው የአሜሪካኖች ዘዴ ቁጥሩ በአንድ የባሕር ማይል የሚሰጥ ሰከንድ ነው፤ የባሕር ማይል 1852 ሜትር ነው። የሽማግሌው ቁጥር 174፣ የወጣቷ 114 ነበር። በመካከላቸው 60 ሰከንድ አለ፤ አምስት ማይል ቢሄዱ ወጣቷ በአምስት ደቂቃ ካልቀደመች ብርጭቆው የሽማግሌው ነው። ቁጥሩ የሚለካው ጀልባዋን እንጂ ነጂዋን አይደለም። ደግሞ በሜትርና በሚዛን ብቻ አይወጣም፤ የአካባቢው ኮሚቴ ጀልባዎቹ ለብዙ ዓመት ያመጡትን ውጤት አይቶ የሚሰጠው ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ነገሩ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መንገዱን የሚመርጠው የውድድሩ ዳኛ ነው። ሰውየው የሒሳብ መምህር ነው፤ ጀልባ የለውም። የመረጡትም ለዚሁ ነው፤ ጀልባ የሌለው ሰው ለማን ያዳላል? ከእሱ በፊት የነበሩት ዳኞች ጀልባዎቹን የሚያዞሯቸው መርከብ መንገድ እንዳይስት መንግሥት በተከላቸው ቀይና አረንጓዴ ቋሚ ምልክቶች ዙሪያ ነበር። በእሱ ዘመን ግን ማኅበሩ በአየር የሚነፉ ትልልቅ ብርቱካናማ ምልክቶችና አንዲት ትንሽ የሞተር ጀልባ ገዛ። ዳኛው ነፋሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ በኮምፓስ ይለካል፤ አንዱን ምልክት ሽቅብ ወደ ነፋሱ ይጥላል፣ ሌላውን ቁልቁል። ጀልባዎቹ ሽቅብ ይወጣሉ፣ ቁልቁል ይወርዳሉ፣ እንደገና ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ነፋሱ ቢዞር ምልክቱን ነቅሎ ማዛወር ይቻላል። ሥራው ቀላል፣ ለዓይን የጠራ፣ ለሚለካ ሰው ደስ የሚል ነው። በትልልቆቹ ውድድሮችም የሚደረገው ይኸው ስለሆነ ክብርም አለው።

ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ የሚሄድ የሸራ ጀልባ የለም። 45 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየተመላለሰ ነው ሽቅብ የሚወጣው። በዚህ ጊዜ ቀጭኑና ረጅሙ ክንፍ ያላት አዲሲቱ ጀልባ ወደ ነፋሱ ጠጋ ብላ ስለምትሄድ መንገዷ ያጥራል። ቁልቁል ሲሆን ደግሞ ያ ትልቅ ሸራ አለላት። የዳኛው መንገድ ሁለት አቅጣጫ ብቻ ነበረው፤ ሁለቱም አዲሶቹ ጀልባዎች የተነደፉባቸው ናቸው።

ሽማግሌው ተሸነፉ። በሳምንቱም ተሸነፉ። ኮሚቴውን “ቁጥሬ ልክ አይደለም፣ ስድስት ሰከንድ ጨምሩልኝ” አሉት።

ወጣቷ ሰማችና “እርስዎ ቁጥር ከሚያስጨምሩ የጀልባዎን ሆድ ቢያስፍቁ ይሻላል፤ አረንጓዴ ይዟል። ሸራዎም እኮ እኔ ተማሪ ሳለሁ የተሰፋ ነው” አለች።

ውሸት አልነበረም። ሽማግሌው ግን ሆዱን አስፈቁ፣ ሸራም አሰፉ፣ እንደገናም ተሸነፉ። ኮሚቴው ሦስት ሰከንድ ጨመረላቸው፤ ሌሎች ባለ አሮጌ ጀልባዎች ለምን ለእሳቸው ብቻ ብለው መጡ፤ ባለ አዲሶቹም ከእኛ ቀንሳችሁ ነው ብለው መጡ። ክረምቱን ሙሉ ስብሰባ ሆነ።

አንድ ብልህ ሰው ጉድለቱ ከስሌቱ ነው አለ። እውነትም ከፊሉ ከዚያ ነበር። ደኅና ነፋስ ሲኖር ሽማግሌው አምስቱን ማይል በ60 ደቂቃ፣ ወጣቷ በ55 ይጨርሳሉ እንበል፤ አምስት ደቂቃው ይካካስና እኩል ይወጣሉ። ነፋሱ ሲደክም ግን ሁለቱም እጥፍ ጊዜ ይፈጅባቸዋል፤ 120 እና 110። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አሥር ደቂቃ ሆኗል፤ ማካካሻው ግን በማይል የሚቆጠር ስለሆነ ያው አምስት ደቂቃ ነው። ሽማግሌው እንደ ወትሮው ነድተው አምስት ደቂቃ ተሸነፉ ማለት ነው። ስለዚህ ስሌቱን ከማይል ወደ ጊዜ ለወጡት። 650ን በ550 እና በጀልባዋ ቁጥር ድምር አካፍለው፣ የሚወጣውን በፈጀችው ጊዜ ማባዛት ጀመሩ። አሁን 120ው እና 110ሩ እኩል ያህል ሆኑ። ሁሉም ተጨባበጡ።

ሽማግሌው ግን ተሸነፉ። ልዩነቱ ጠበበ እንጂ መሸነፋቸው አልቀረም። በሦስተኛው ዓመት ከአሮጌዎቹ ጀልባዎች ግማሾቹ ረቡዕ ረቡዕ መውጣት ትተው ነበር። አንዳንዱ አርጅቻለሁ አለ፤ አንዳንዱ የልጅ ልጄን ልጠብቅ አለ። ሰው ተሸንፌ ሰለቸኝ አይልም።

ማኅበሩ አንዲት ውጤት መዝጋቢ ነበረችው። ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የነበሩትን መዝገቦች የምታስቀምጠው እሷ ናት፤ በስብሰባ ላይ ብዙም አትናገርም። በዚያ ክረምት መዝገቦቹን ይዛ ወደ ዳኛው መጣች።

“ይኸው ያው ጀልባ፣ ያው ሰው ነው፤ ቁጥሩም ሦስት ሰከንድ ተጨመረበት እንጂ ያው ነው” አለችው። “በቋሚዎቹ ምልክቶች በምንዞርበት ጊዜ ሽማግሌው ከአራት ረቡዕ አንዱን ያሸንፉ ነበር። አንተ ብርቱካናማዎቹን ከጣልክ ወዲህ ግን አንዴም አላሸነፉም። ቁጥሩን የሰጡት ሰዎች የቆጠሩት ያንን የድሮውን መንገድ ነው፤ ነፋስ ከጎን የሚመጣበት፣ ከኋላ የሚመጣበት፣ ከፊት የሚመጣበት ሁሉ የተደባለቀበት ነበር። ቁጥሩ አልተበላሸም። የተጻፈለት መንገድ ነው የጠፋው።”

ዳኛው ደነገጠ። ለማንም አላዳላም ነበር፤ እንዲያውም ከእሱ በላይ የተጠነቀቀ ሰው የለም። ያደረገው ነገር ቢኖር የሚቀለውን መምረጥ ነው።

የደነገጠ ሰው እንደሚያደርገው አብዝቶ አካካሰ። በአዲሱ የውድድር ወቅት የመጀመሪያ ረቡዕ ሽቅብና ቁልቁሉን ትቶ፣ በሁለት ቋሚ ምልክቶች መካከል ነፋስን ከጎን ይዞ ብቻ የሚመላለሱበት መንገድ ሰጠ። ሽማግሌው ሰሌዳውን አይተው ፈገግ አሉ። ያን ቀን ግን ነፋሱ 20 ኖት ነበር፣ ከጎንም ወደ ኋላ ያደላ። አዲሶቹ ጀልባዎች ትልልቁን ሸራ ዘረጉና በውኃው ላይ መንሸራተት ጀመሩ፤ የሽማግሌው ጀልባ በ6.7 ኖቷ ላይ ታስራ ቀረች። ከዚያ በፊት እንደዚያ ቀን ተሸንፈው አያውቁም። በሳምንቱ ያንኑ መንገድ ደገመው። ነፋሱ ለስለስ ብሎ ነበር፣ ከጎንም ወደ ፊት ያደላ፤ በዚያ አቅጣጫ ስፒናከር አይዘረጋም፣ የአዲሶቹም የፊት ሸራ ትንሽ ነው። ሰፊው የድሮ ሸራ ጉልበት አገኘ። ሽማግሌው በብዙ ደቂቃ አሸነፉ። ከመነሻው ማን ቀድሞ እንደወጣ በዚያው ተራ ተከታትለው ሄዱ፤ ማንም ማንን አላለፈም።

ወጣቷ ወደ ዳኛው ጀልባ ተጠግታ “ይህ ውድድር አይደለም፣ ሰልፍ ነው” አለችው። እሷም እውነቷን ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው ዳኛው ሥራውን መማር የጀመረው። መጀመሪያ የተረዳው፣ ለሁሉ የሚሆን አንድ መንገድ እንደሌለ ነው። ስለዚህ መነሻው ሁልጊዜ ሽቅብ ወደ ነፋሱ ይሁን አለ፤ ጀልባዎቹ ተዘርግተው በየፊናቸው እንዲወጡ፣ የመጀመሪያው ምልክት ላይ ተከምረው እንዳይጋጩ። ከዚያ በኋላ ግን ነፋስን ከጎን ይዞ የሚኬድበት፣ ነፋሱ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ያደላበት ቁራጭ ይኑር። አንድ ቁራጭ ደግሞ በቀጥታ ቁልቁል ይሁን፤ በለስላሳ ነፋስ ባለ ዘንጓ ጀልባ ሸራዋ እንዲነፋላት እየተመላለሰች ስትወርድ፣ የድሮዋ ስፒናከሯን በመደገፊያ ዘንግ ወደ ጎን ከፍታ በቀጥታ መውረድ ትችላለችና።

ሁለተኛው የተማረው ርዝመትን ነው፤ ይህ ደግሞ ከአቅጣጫ ይልቅ ብዙ ሰው የማያየው ነገር ነው። በሐምሌ አንድ ምሽት የፊተኞቹ ጀልባዎች በደኅና ነፋስ ገቡ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ በዚያ ባሕረ ሰላጤ ብዙ ጊዜ እንደሚሆነው፣ ነፋሱ ቀስ እያለ ጠፋ። አሮጌዎቹ ጀልባዎች ከመድረሻው ግማሽ ማይል ሲቀራቸው ሸራቸው ተንጠልጥሎ ቆሙ፤ አርባ ደቂቃ ቆሙ። የቀደመው የጨረሰው በአንድ ባሕር ላይ ነው፣ የዘገየው በሌላ ባሕር ላይ። ይህን የሚያካክስ ቁጥር አልተፈጠረም፤ በማይልም ሆነ በደቂቃ ቢሰላ ያው ነው። ዳኛው ከዚያ ወዲያ መንገዱን በማይል መለካት ትቶ ‘ከሁሉ የምትዘገየው ጀልባ በስንት ሰዓት ትገባለች?’ እያለ ይለካ ጀመር። ነፋሱ የደከመ ሲመስለውም፣ ነጭ ሆኖ መሐሉ ሰማያዊ የሆነውን ‘ኤስ’ የሚባል ባንዲራ በአንዱ ምልክት አጠገብ ይሰቅልና ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ይነፋል፤ መንገዱ አጠረ፣ መጨረሻው እዚህ ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደው ነበር። በውድድር ሕጉ መንገዱ ቢዘገይ ቢዘገይ በማስጠንቀቂያው ምልክት ጊዜ መታወቅ አለበት፤ ማስጠንቀቂያው ደግሞ ከመነሻው አምስት ደቂቃ በፊት ነው። ዳኛው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዝም ብሎ ያስብ ነበር። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱ ጀልባ በአጠገቡ ሲያልፍ አንድ ነገር ጣል ያደርግበታል። “ዛሬ ነፋሱ ለሦስት ማዕዘን ይሆናል!” ይላል አንዱ። “ረጅም አድርገው!” ይላል ሌላው። ሁሉም ስለ ነፋስ ነው የሚያወሩት፤ ስለ ራሳቸው ያወራ የለም። ዳኛው ጆሮው ላይ የቀረው የማን ድምፅ እንደሆነ ራሱም አያውቅም። ስለዚህ በዓመቱ መጀመሪያ አንድ ሰንጠረዥ ሠርቶ ለጠፈ፤ ነፋሱ ከደቡብ ሆኖ ከ10 ኖት በታች ከሆነ ይህ መንገድ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ያ መንገድ እያለ። በዕለቱ የሚለካው ነፋሱን ብቻ ሆነ። ልኬቱንም ከጀልባው ጎን በሰሌዳ ይጽፈዋል።

መዝጋቢዋም በየውጤቱ አጠገብ መንገዱንና ነፋሱን መጻፍ ጀመረች። ወር ሲያልቅ ስንት ሰዓት ሽቅብ፣ ስንት ሰዓት በጎን፣ ስንት ሰዓት ቁልቁል እንደተሄደ ትደምርለታለች፤ አንዱ ሲበዛ ሰንጠረዡን ለሚቀጥለው ወር ያስተካክላል።

የቀሩት ጀልባዎች መመለስ ጀመሩ። ሽማግሌው ሦስት ረቡዕ ተከታትለው አሸነፉ። በአራተኛው ረቡዕ፣ ሰንጠረዡ ረጅም ሽቅብና ቁልቁል ባወጣበት ቀን፣ አራተኛ ወጡ። በማግስቱ ወይን ይዘው ዳኛው ቤት መጡ።

“ያ የባለፈው ሳምንቱ መንገድ ግሩም ነው” አሉት። “ሁሉም ወዶታል። አሁን ከተገኘ ምን ያስለውጠዋል? እሱን ቋሚ አድርገው።”

ዳኛው ወይኑን ከፍቶ ቀዳላቸው። “ጥያቄዎን በጽሑፍ ያምጡልኝ” አለ። “ብቻ ከፊርማዎ ሥር ባለፈው ሳምንት ከሁሉ መጨረሻ የወጣው ሰው ይፈርምበት።”

ሽማግሌው መዝገቡን አዩ። መጨረሻ የወጣው ከወጣቶቹ አንዱ መስሏቸው ነበር፤ የሠላሳ ዓመት ወዳጃቸው ሆኖ ተገኘ። የእሱ ጀልባ ከእሳቸው ጀልባም ያረጀች፣ ከፊት እስከ ኋላ የሚዘልቅ ረጅምና ወፍራም የሆድ ክንፍ ያላት፣ ለሩቅ ጉዞ የተሠራች ናት። ጠንከር ያለ ነፋስና ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ሲሆን እንጂ በየምልክቱ መዞር አይሆንላትም፤ የሽማግሌው ተወዳጅ መንገድ ደግሞ መዞር ይበዛበታል። ወረቀቱን ይዘው ወደ ወዳጃቸው ሄዱ።

ወዳጃቸው አነበበና መለሰላቸው። “ይህ መንገድ ላንተ ነው የሚበጀው” አለ፣ “ለአሮጌ ጀልባ አይደለም።”

ምሳሌው ይህ ነው። ብዙ ባላብራራው ደስ ይለኛል፤ ግን አንድ ነገር አለ።

ሰዎቹ ሦስት ዓመት የተጣሉት በቁጥሩ ነው። ቁጥር በወረቀት ላይ በስም አንጻር ይጻፋል፤ የእኔ 174፣ የአንቺ 114 ይባላል። መንገዱ ግን የማንም ስም የለበትም፤ ሁሉም አብረው ይሄዱበታል። ሁሉም የሚጋራው ነገር ለማንም የማያዳላ ይመስላል፤ ስለዚህ ማንም አይመረምረውም። እዚህ ላይ ክፉ ሰው አያስፈልግም። ዳኛው ክፉ ቢሆን ኖሮ እንዲያውም ቶሎ ይታወቅበት ነበር።

“ታዲያ ማካካሻ የሚባል ነገር ይቅር፤ ቀድሞ የገባ ይብላ” የሚል አይጠፋም። ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 22 ቀን 1851 የእንግሊዝ ጀልበኞች በዋይት ደሴት ዙሪያ፣ ወደ 53 የባሕር ማይል በሚሆን መንገድ፣ ለትልቅና ለትንሽ ጀልባ ማካካሻ ሳይሰጡ ተወዳደሩ። ያሸነፈችው ባለ 170 ቶኗ ‘አሜሪካ’ ናት፤ ጠባብ ሹል አፍንጫና የተወጠረ የጥጥ ሸራ ይዛ የመጣች በዚያው ዓመት የተሠራች አዲስ ጀልባ ነበረች። ሁለተኛ የወጣችው ‘ኦሮራ’ 47 ቶን ነበረች። ዛሬ የአሜሪካ ዋንጫ የሚባለው ታላቅ ውድድር ከዚያ ቀን የተወለደ ነው። የሚገርመው ግን ጠቡ በቶን ላይ አልነበረም፤ በመንገዱ ላይ ነበር። ‘ናብ’ ከተባለው የመብራት መርከብ በየትኛው ወገን ማለፍ እንደሚገባ መመሪያው ግልጽ አልነበረምና ‘አሜሪካ’ በአጭሩ አለፈች፤ አቤቱታ ቀረበ፤ መመሪያው ድፍንፍን ነው ተብሎ አቤቱታው ወደቀ። ቁጥሩን ቢያስወግዱትም መንገዱ አልቀረላቸውም።

እኔ ይህን ምሳሌ ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ነው። የቅጥር ኮሚቴዎቻችን ነጥብ ሲደምሩ ብታዩአቸው ጥንቃቄያቸው ያስቀናል፤ ለጽሑፍ ፈተና ይህን ያህል፣ ለቃል ይህን ያህል፣ ለሥራ ልምድ ይህን ያህል፣ ነጥብ ከግማሽም ሳይቀር። ቅሬታ ሰሚውም የሚያየው ድምሩ ልክ መሆኑን ነው። ‘ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት ውስጥ አምስት ዓመት የሠራ’ የምትለዋ መስመር ግን ፈተናው ሳይጀመር ሰውን መርጣ ጨርሳለች። አንዳንዴ በርግጥ ለአንድ ሰው ልክ የተሰፋች ናት፤ ይህን ሁላችንም እናማለን። ብዙ ጊዜ ግን ያስቀመጣት ሰው የለም፤ የአምናው ማስታወቂያ ተቀድቶ ቀኑ ብቻ ተቀይሮ ነው የወጣው። የሚቀለውን ነው የመረጡት።

ዕጣ ይውጣበት የሚሉ አሉ፤ መንገዱን የሚመርጥ ሰው ከሌለ አድልዎ የለም ነው ነገሩ። ዕጣ በዕቁብ የሚያምረው ገንዘቡ ለሁሉም አንድ ስለሆነና ሁሉም ተራው ስለሚደርሰው ነው። ነፋስ ግን የሚያልቅ ተራ የለውም። ነፋስ በሌለበት ምሽት ረጅሙ መንገድ በዕጣ ቢወጣ አሮጌዎቹ ጀልባዎች ባሕር ላይ ያድራሉ፤ አላዳላም ያለው ሰውም እጁን ታጥቦ እቤቱ ይተኛል። መራጭ መኖሩ አይቀርም። ከዳኛው ሥራ የምወድደው መምረጡን ሳይተው አስቀድሞ መርጦ መለጠፉን ነው፤ ማን እንደሚጠቀም ገና ሳያውቅ።

ከእሱ ሥራ ይልቅ ደግሞ የመዝጋቢዋን እወዳለሁ። የአሸናፊውን ስም የማይጽፍ ቢሮ የለም። ‘መስፈርቱን አላሟላም’ ተብሎ ገና በማመልከቻው የወደቀው ሰው በየትኛው መስመር እንደወደቀ ጽፎ፣ ዓመት ሲያልቅ መስመር በመስመር የሚደምር ቢሮ ግን እኔ እስካሁን አልገጠመኝም። የሚጠይቀው አንድ ደብተርና የሚሞላው ሰው ነው።